የሚበጠር ጋማ፦ ሦስት የአሻንጉሊት ፈረሶች በሂስ ሚዛን

ሂስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ልብ ወለድ ነው፤ ቢበዛ ግጥምና ቲያትር ይጨመሩበታል። በነዚህ ላይ ብዙ ቀለም ፈሷል፤ ገናም ይፈሳል። ይሁን እንጂ ሰው ፊደል ከመቁጠሩ አስቀድሞ በእጁ የሚይዘው፣ የሚወደው፣ አንዳንዴም ተናዶ የሚወረውረው የመጀመሪያው የኪነ ጥበብ ሥራ አሻንጉሊት ነው። ታዲያ በአሻንጉሊት ላይ ማን ሂስ ጻፈ? «የልጅ ነገር» ተብሎ ይታለፋል እኮ! እኔ ይህንን የታለፈ ነገር አንስቼ፣ ከመካከሉም አንዱን ዓይነት መርጬ፣ ስለ ቅርፁም ስለ ይዘቱም ጥቂት ልበል። የመረጥኩት ጋማውና ጭራው የሚበጠረውን የአሻንጉሊት ፈረስ ነው። የምመዝንበትም ቦታ ከወዲሁ ይታወቅ፤ ሐይቅ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ የሚገኘው ሐይቅ፤ ከዚያ ወዲያ አምባሰል ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አትሳቅ። ጉዳዩ በሌላው ዓለም የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ከሆነ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ ሀዝብሮ የሚባለው የመጫወቻ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 «ማይ ፕሪቲ ፖኒ» የተሰኘ የፕላስቲክ ፈረስ አወጣ። ከነደፉት ሰዎች አንዷ ቦኒ ዛከርሊ የምትባል ሠዓሊ ነበረች። ፈረሱ ትልቅና ደረቅ ነበር፤ አገጩ ሥር ያለችው ማንሻ ስትነካ ጆሮውን ያነቃንቃል፣ በዓይኑ ይጠቅሳል፣ ጭራውን ይወዘውዛል። ማለትም ሥራውን ሁሉ እሱው ይሠራዋል፤ ለልጁ የተረፈው ማንሻዋን መንካት ብቻ ነው። ወዲያው ተከትሎት በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመጣው «ማይ ሊትል ፖኒ» በመጠኑ አነሰ፤ አካሉ ለስላሳ ሆነ፤ የሚንቀሳቀስ ብልት አልነበረውም። በምትኩ ረጅም ጋማና ጭራ፣ ከጎኑም ማበጠሪያ ተሰጠው። ዓለምን ያጥለቀለቀው ይኸኛው ነው።

ይህ ለኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች ትልቅ ትምህርት ነው። ራሱ የሚጫወተው ፈረስ ተረሳ፤ ዝም ብሎ ቆሞ ልጁ እንዲሠራበት የፈቀደው ፈረስ ግን ተወደደ። ሁሉን ነግሮ የሚጨርስ ደራሲም እንዲሁ ነው፤ ጆሮውን እያነቃነቀ በዓይኑ ይጠቅሰናል፤ እኛ ግን ሥራ ፈትተን እንቀመጣለን። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባል የለ? የአሻንጉሊት ፈረስም ልጅን ከጨዋታው ደጃፍ ያደርሳል፤ ጨዋታውን የሚጫወተው ልጁ ነው።

እነዚህን ፈረሶች የሚሰበስቡ አዋቂዎች ዛሬ በአሜሪካም በአውሮፓም ሞልተዋል። በተለይ ሎረን ፋውስት ያዘጋጀችው ተከታታይ የካርቱን ፊልም እ.ኤ.አ. በ2010 መታየት ከጀመረ በኋላ ጎልማሳ ወንዶች ሳይቀሩ ገብተውበታል። ሰብሳቢዎቹ የራሳቸው ሂስ አላቸው፤ ሂሳቸውም የሚጀምረው ከፀጉሩ ነው። በአራት ነጥብ ላጠቃልለው፦

ሀ) አተካከሉ። ፀጉሩ በፈረሱ አንገት ላይ በተርታ በተበሱ ቀዳዳዎች ጥቂት ጥቂት እየሆነ ይሰፋል። ቀዳዳዎቹ የተራራቁ እንደሆነ ጋማው ይሳሳል፤ ሲገለጥ መላጣው ይታያል።

ለ) ክሩ። ናይለን ለስላሳና አንጸባራቂ ነው። ሳራን የሚባለው ከበድ ብሎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ፖሊፕሮፒሊን ርካሽና ደረቅ ነው፤ ቶሎ ይንጨባረራል።

ሐ) ያለፈበት ታሪክ። መቀስ ነክቶታል ወይስ አልነካውም? ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ጥቅልል አለ ወይስ ተፈቷል?

መ) ስውር በሽታው። በቀድሞዎቹ ፈረሶች ውስጥ ጭራውን ከውስጥ የሚይዝ ብረት ነበረ። ልጅ ፈረሷን ባጠበች ቁጥር ውኃ ይገባና ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱም ወደ ጭራው ይወርዳል። ስለዚህ አዋቂ ሰብሳቢ ፈረሱን ሲያነሳ መጀመሪያ ጭራው ሥር ያያል።

በዚህ ላይ ጨርሶ አላሾፍም። እንዲያውም አንዳንዶቻችን አንድን ግጥም እንዲህ ሥሩ ድረስ ገልጠን ብናየው ሂሳችን በተሻሻለ ነበር። ችግሩ የመጣው ከዋጋው ላይ ነው። በሰብሳቢዎቹ ገበያ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የሚከብረው ካርቶኑ ያልተከፈተው ፈረስ ነው። እንዴ! ለመበጠር የተሠራ ጋማ፣ ማበጠሪያውም አብሮት ታሽጎ፣ ማንም ሳያበጥረው ሲቀር ይከብራል? ብሬየር የሚባለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የሚያወጣቸው ፈረሶች ቢሆኑ ይገባኛል፤ የነሱ ጋማ ከአካሉ ጋር አብሮ የተቀረጸ ስለሆነ ለዓይን ብቻ ነው። ዳኞች ፊት ቀርበው የሚመዘኑትም እውነተኛ ፈረስ በመምሰላቸው ነው፤ መደርደሪያ ላይ ቢቆሙ ምንም አይጎድልባቸውም። የሚበጠረውን ፈረስ በዚሁ ሚዛን ማስቀመጥ ግን ቲያትርን ሳይታይ፣ ጽሑፉ ከመሳቢያ ሳይወጣ «ድንቅ ነው» ብሎ እንደ መሸለም ይቆጠራል።

እንግዲህ ወደ ሐይቅ እንምጣ። የኛ ሰው ፈረስን የተዋወቀው ከመጫወቻ መደብር አይደለም። የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ያደረገው ተጽፎ ያለ ነው። ነገሥታቱም በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። የሀዝብሮ ፈረሶችም እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ዳሌያቸው ላይም መለያ የሆነ ሥዕል ታትሞባቸዋል። ልዩነቱ፣ እዚያ ስሙ ከፋብሪካ ታትሞ ይመጣል፤ እዚህ ፈረሱ ስሙን ለጌታው ያበድር ነበር። ቀለሙንም ብናነሳ ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራች፣ አምባላይ እያልን የምንለየው ዓይን ስላለን ነው። ሐምራዊ ፈረስ ሲመጣብን ስም ያጣነው ለዚህ ነው። ይህን ስል ሐምራዊ ፈረስ አይኑር ማለቴ አይደለም፤ ልጅ ሐምራዊ ቢወድ ምን ችግር አለው? ለማለት የፈለግሁት፣ ወደ ዕቃው የምንቀርበው ባዶ እጃችንን አለመሆኑን ነው።

ከሁሉ በላይ የፈረስ ፀጉርን ያገራችን ሰው በጆሮው ጭምር ያውቀዋል። አምባሰል ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከሚቆጠሩት አራት ቅኝቶች አንዱ ነው፤ ስሙንም የወሰደው ከዚሁ አገር ነው። ማሪቱ ለገሠ ስትዘፍነው የሰማ ሰው ሌላ ማስረጃ አይሻም። ታዲያ ያንን ቅኝት የሚያወጣው የማሲንቆ ክር ምንድን ነው? የፈረስ ጭራ ነው። ፀጉሩ እንደ ገመድ አይገመድም፤ ጎን ለጎን ተሰድሮ አንድ ላይ ይወጠራል፤ የደጋኑም ክር እንዲሁ ነው። ፀጉሩ ከተጠላለፈ ድምፁ ይሻክራል፤ ተበጥሮ እኩል ከተወጠረ ያዜማል። ስለዚህ በኛ ዘንድ የፈረስ ፀጉር ማበጠር ከጌጥ ያለፈ ሥራ ነው። አንድ ቅኝት ሙሉ የተንጠለጠለበት ሥራ ነው።

አሁን ሦስቱን ፈረሶች ላቅርብ። ሦስቱንም ያየኋቸው በአንድ የሐይቅ ቤት፣ በአንድ መስኮት ደፍ ላይ ቆመው ነው። ባለቤታቸው የእህቴ ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው። እህቴ ለሥራ ጅዳ ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። እንደ ብዙ የወሎ ቤቶች ሁሉ ልጅቱን የያዘቻት አያቷ ናት።

አንደኛው ፈረስ ከጅዳ በሰው እጅ የመጣው ነው። አካሉ ሐምራዊ፣ ጋማው ሮዝና ሰማያዊ ነው። በቅርፅ በኩል የሚነቀፍ ብዙ የለበትም። ጋማው ጥቅጥቅ ብሎ ተሰፍቷል፤ ማበጠሪያው ከላይ እስከ ታች ሳይያዝ ይወርዳል። ዓይኖቹ ግን ከልክ በላይ ተልቀው የሚያዩት ገዢውን ይመስላል፤ «ውደዱኝ» የሚል ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ ያሰለቻል። ትልቁ ጉድለቱ የታየው ሹሩባ ሲሠራ ነው። ክሩ እጅግ ለስላሳ ከመሆኑ የተነሳ ሹሩባ አይዝም። ልጅቱ አጥብቃ ሠርታ ስትለቀው ከጫፉ ጀምሮ ይፈታል። የሠራው ሰው ያሰበው ማበጠርን ብቻ ነው፤ ከማበጠር ቀጥሎ መሥራት የሚባል ነገር ያለበት አገር አልታየውም።

ሁለተኛው ከደሴ ገበያ የተገዛው የአንደኛው አምሳያ ነው። ውስጡ ባዶ፣ ፕላስቲኩ ደረቅ ነው። ጋማው የተሰፋው ከፊት ለፊት በሚታየው በኩል ብቻ ሲሆን ገለጥ ሲያደርጉት አንገቱ መላጣ ነው። ጭራው በማጣበቂያ የተለጠፈ ስለ ነበረ በሁለተኛው ሳምንት ወለቀ። ከአንድ ወር በኋላ ጋማው የወፍ ጎጆ መሰለ። ሽፋኑ ያማረ፣ ውስጡ የተቀዳ ልብ ወለድ ያነበበ ሰው ይህን ፈረስ ያውቀዋል። ይሁንና ለድሃ ቤት የደረሰው እሱ ነውና ዋጋውን ሳናነሳ ልንፈርድበት አይገባም። ደግሞም አንድ ያልታሰበ ጥቅም ሰጥቷል። ማንም ስላልሳሳለት ልጅቱ መቀስ አንስታ ጋማውን ጋሜ ቆረጠችው፤ ግንባሩ ላይም ቁንጮ ተወችለት። ጋማና ጋሜ በድምፅም የሚቀራረቡ ናቸው። ከፋብሪካ የመጣው ፈረስ የሐይቅ ልጅ የሆነው በዚያች ቀን ነው። ለሰብሳቢው ይህ ፈረስ «የተበላሸ» ነው። ለኔ የተተረጎመ ነው፤ ትርጉሙም መጥፎ አይደለም።

ሦስተኛው የጭቃ ፈረስ ነው። የሠራው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ከብት ይጠብቃል። ዋልካ ጭቃ አድቦልቡሎ፣ እግሮቹን አወፍሮ፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ ከቃጫ የተፈታ ክር አንገቱ ላይ በተርታ ተክሎበታል። የኛ ስለሆነ ብቻ ማመስገን ሂስ አይደለምና ጉድለቱን ልናገር። ጭቃው ጭድ ስላልገባበት ሲደርቅ አንገቱ ላይ ተሰነጠቀ። ጋማው አንድ መስመር ብቻ ነው። ማበጠሪያ ከላይ ቢገባበት ክሩን ከነጭቃው ነቅሎት ይወጣል። ክረምት ሲገባ ያፈተለከ ጣሪያ ሥር ከዋለ ደግሞ ተመልሶ ጭቃ ነው። ቃጫው ግን ሸካራ ስለሆነ ሹሩባን ይዞ አይለቅም። በተረፈ ይህ ፈረስ ልጅቱን አንድ ነገር አስተምሯታል። ጋማው እንዳይነቀል ሥሩን በሁለት ጣት ይዛ፣ ከጫፍ ጀምራ፣ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ታበጥረዋለች። ፀጉር ሠሪ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ይህ ነው። ለስላሳው ፈረስ ይህንን አላስተማራትም፤ አላስቸገራትማ!

«ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ለምን ነገር፣ አጎቴ?» አለችኝ።

ጥያቄዬን ሳላስተካክል መልስ ማግኘት አልቻልኩም። ለመተኛት ከሆነ ለስላሳው ነው። ለመቁረጥ ከሆነ የገበያው ነው። ለሹሩባ ከሆነ የጭቃው ነው፤ ሆኖም እሱን አንስቶ መያዝ አይቻልም። የሂስ ትምህርታችን ብዙ ገጽ ፈጅቶ የሚነግረን «ሥራው ለምን ቆመ?» ብላችሁ ጠይቁ የሚለውን ነው፤ እሷ በሁለት ቃል ጨረሰችው።

ነገሩ ለሷ ከጨዋታ ያለፈ ነው። እህቴ ከመሄዷ በፊት የልጅቱን ፀጉር የምትሠራው ራሷ ነበረች። አሁን ዓርብ ዓርብ ስትደውል ልጅቱ ፈረሷን ከስልኩ ፊት ታቆማለች። እናቷ ከጅዳ ሆና ጋማውን ታያለች። «ከጆሮው አጠገብ ያለው መስመር ጠማማ ነው እናቴ፤ ፍቺውና ድገሚው» ትላታለች። ፈትታ ትደግመዋለች። እዚያው ጣቷን ታርማለች፤ ማዶ ለማዶ የእጅ ሥራ ትምህርት ይካሄዳል። ለዚህ ደግሞ የጭቃው ፈረስ አይመችም፤ ሲነሳ ጋማው ይረግፋል። ለስላሳው ሹሩባውን አይዝም። ልጅቱ መላ አገኘች። ከጭቃው ፈረስ የረገፈውን ቃጫ ለቅማ ከናይለኑ ጋር አብራ ሠራችው። ቃጫው ናይለኑን ያዘው፤ ናይለኑ ቃጫውን አለሰለሰው። ጫፉን በቀይ ክር አሰረችው። ሹሩባው ሳምንቱን ሙሉ ቆየ።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ከጅዳ የመጣው ፈረስ፣ ቃጫ ከገባበት በኋላ፣ ካየኋቸው ሁሉ የበለጠ ሥራ ነው። ሰብሳቢ ቢያየው ዋጋውን ይጥልበታል፤ የፋብሪካው ጥቅልል ጠፍቷል፣ ባዕድ ክር ገብቶበታል፣ ጋማው ቅባት ጠጥቷል። በኔ ሚዛን ግን ያ ባዕድ ክር የይዘቱ ማዕከል ነው። የሁለት አገር ክር በአንድ ጋማ ላይ ተሠርቶ እናትና ልጅን ያነጋገረበት ሌላ ዕቃ በዚያ ቤት የለም።

አንድ ጓደኛዬ ረቂቄን አንብቦ ተቃወመኝ። «ሁሉም ሰው እየተጠቀመ ከጨረሰው ለነገ ምን ይቀራል? ሰብሳቢ እኮ አዳኝ ነው» አለ። መልሱ ቀላል አይደለም። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ዝርፊያ ደርሶበታል። የተሰበሰበ ነገር ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚጎዳ ወሎ ላይ ሆኖ መካድ አይቻልም። ስለዚህ መሰብሰብን አልቃወምም። የምከራከረው ስለ አሰባሰቡ ነው። ሐይቅ የአሰባሰብን ነገር ከማንም በፊት ያወቀ አገር ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያቆዩት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። ያ መጽሐፍ የተሠራው ሊነበብ ነው። የገዳም መጻሕፍትን ያየ ሰው በኅዳጋቸው ላይ የኋላ ሰው የጻፈውን ማስታወሻ፣ በጠርዛቸው ላይ የጣት ወዝ ያገኛል። ይህን የእጅ አሻራ «ጉድለት» ብሎ ዋጋ የሚቀንስ ሊቅ የለም፤ እንዲያውም ታሪኩን የሚያነበው ከዚያው ላይ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየምም ትርዒቱን ከልጅነት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ሲያደራጅ ለልጅነት ቦታ መስጠቱ መንገዱን ያሳያል።

ከዚህ በመነሳት ለናንተ ለጓደኞቼ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በዕረፍት ወደየቀያችን ስንሄድ ልጆች የሠሩትን ፈረስ ብቻ አንሰብስብ። ጭቃው ከየት እንደ ተቆፈረ፣ ጋማው ከቃጫ ይሁን ከበግ ፀጉር ወይስ ከበቆሎ ጢም፣ ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንዳበጠረው እንጻፍ። የጭቃ ፈረስ በክረምት ይፈርሳል፤ አሠራሩ የተጻፈለት ግን ከፈረሰም በኋላ ይሠራል። ሁለተኛ፣ የተሸረበውን፣ የተቆረጠውን፣ ባዕድ ክር የገባበትን ፈረስ «የተበላሸ» ብለን አንጣል፤ ከሁሉ ብዙ የሚናገረው እሱ ነው።

ለሠሪም የምለው አለኝ። ቃጫ አለ፤ የበግ ፀጉር አለ፤ ማሲንቆ የሚያዜምበት የፈረስ ጭራም አለ። ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ በመስኮት ደፍ ላይ ያገኘችውን ቅልቅል አንድ የደሴ ወይም የሐይቅ የእጅ ባለሙያ አስቦበት ቢሠራው፣ ማበጠሪያ የሚገባለት፣ ሹሩባም የሚይዝ ፈረስ ይወጣዋል። ያን ጊዜ መመዘኛችን ዝግጁ ነው፦ ይበጠራል ወይ? ሹሩባ ይይዛል ወይ? ሲፈታስ ተመልሶ ይሠራል ወይ? ሌላ መመዘኛ አለኝ የሚል ካለ ብዕሩን ያንሳ፤ በሚቀጥለው እትም እንከራከራለን።